ማን ተቀበለሽ?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከካርቱም ወደ ዋሽንግተን የገባን ስደተኞች መታወቂያችን ነጭ የፕላስቲክ ከረጢት ነበር። ያጓጓዘን ድርጅት ስም በትልልቅ ፊደል ታትሞበታል፤ ያኔ አይሲኤም ይባል ነበር፣ በ1989 ስሙን ቀይሮ አይኦኤም ሆነ። ከረጢቱ ውስጥ የጉዞ ሰነዳችን፣ የደረት ራጃችንና የአውሮፕላኑን ዋጋ ሥራ ስንይዝ በየወሩ ልንከፍል የፈረምንበት የብድር ውል አለ። አውሮፕላን በምንቀይርበት ሁሉ የድርጅቱ ሰው አይቶ እንዲለየን ከደረታችን እንዳናወርደው ተነግሮናል። ቋንቋውን ስለማናውቅ እሱን አቅፈን ዝም ብለን እንቆማለን።

መውጫው ላይ ግን ሰው ይጠብቀን ነበር። ብዙውን ጊዜ የሥጋ ዘመድ አይደለም። "ዛሬ አንዲት ልጅ ትገባለች" ሲባል ሰምቶ ታክሲውን ይዞ የመጣ፣ ወይም ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አብሮን የነበረ ሰው የአጎት ልጅ ነው። ወደ አዳምስ ሞርጋን ወይም ወደ ማውንት ፕሌዘንት ይዞን ይሄዳል። አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርታማ ስድስት ሰባት ሆነን እናድራለን። አልጋው የአዲስ ገቢ ነው፣ ነባሮቹ ምንጣፍ ላይ ይተኛሉ። ሌላ አዲስ ሲመጣ ደግሞ ተራው ደርሶን ወደ ምንጣፉ እንወርዳለን።

ካፖርቱም በተራ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ግራጫ፣ የወንድ፣ ከጉልበቴ በታች የሚወርድ ነው። የቀኝ ኪሱ ተቀዶ ሳንቲሞች ገበሩ ውስጥ ሾልከው ገብተዋል፤ በተራመድኩ ቁጥር ከታች ይንሿሿሉ። የግራ ኪሱ ውስጥ ከእኔ በፊት የለበሰችው ልጅ የረሳችውን የአውቶቡስ ትራንስፈር ወረቀት አገኘሁ። ከእሷም በፊት ሌላ ሰው ለብሶታል። የሆቴል አልጋ እያነጠፍኩ ባገኘሁት ገንዘብ የራሴን ስገዛ የላሉትን አዝራሮች አጥብቄ ሰፋሁና በሩ አጠገብ ሰቀልኩት። ክረምቱ ሳይወጣ ባለተራው መጣ።

የወንድሜ ልጅ ከጥቂት ዓመት በፊት በዲቪ ገባች። ዲቪ እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ሲጀምር የአባቷን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ በፖስታ እልክለት ነበር፤ ዕጣው አልወጣለትም። እሷ በስልኳ ሞላችው፣ ወጣላት። ደለስ አየር ማረፊያ ስቀበላት ሁለት ሻንጣ እየገፋች፣ ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላ ነው የወጣችው። ገና መኪናው ውስጥ እንደገባን ለአዲስ ገቢ ክሬዲት ካርድ የሚሰጠው የትኛው ባንክ እንደሆነ ነገረችኝ። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷ በፖስታ እንደሚመጣ ታውቃለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር የምትጋራውን ክፍል በቴሌግራም አግኝታ፣ በቪዲዮ አይታ፣ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ከፍላለች።

"ይሄን ሁሉ ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ፣ እቴቴ።"

እሷን ላዞር ብዬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነበር። እኔ ዘንድ ሰነበተችና ሻንጣዋን ይዛ ወደ ክፍሏ ሄደች። ፈቃዴ ሳያልቅ ወደ ሥራ ተመለስኩ።

በእኛ ጊዜ ቅዳሜ የእንጀራ ቀን ነበር። ጤፍ እንደልብ ስለማይገኝ ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለውን የስንዴ ዱቄት በሶዳ ውሃ እንበጠብጣለን። ምጣዳችን የኖርዌይ ስደተኞች ልጆች ሌፍሰ የሚሉትን ስስ ቂጣ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ማን መጀመሪያ እንዳገኘው አላውቅም፤ ከእኛ መቶ ዓመት ቀድመው ተሰደው የመጡ ሰዎች የልጅ ልጆች ዕቃ ለእኛ መዳኛ ሆነ። እንጀራው ለዓይን ያምራል፣ ዓይን ያወጣል፣ ማታውን ግን እንደ ብስኩት ይሰባበራል። ስለዚህ እንደተጋገረ መበላት አለበት፤ እንደተጋገረ እንዲበላ ደግሞ ሰው መጠራት አለበት። ከፓርኪንግ ሥራ የወጣው፣ የሌሊት ፈረቃ የሚገባው፣ ታክሲውን ደጅ ያቆመው ሁሉ ይመጣል። አዲስ ገቢ ሥራ የሚያገኘው በዚያ ማዕድ ዙሪያ ነበር። ጎርሶ ሳይጨርስ "ሰኞ ጠዋት ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ" ይባላል።

ዛሬ ጤፍ ኢዳሆ ውስጥ ይዘራል፤ ከአዲስ አበባ የተጋገረ እንጀራም በአውሮፕላን ይገባል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነዳጅ ማደያ ሳይቀር በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ከእኛ እንጀራ እጅግ ይበልጣል፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝም። የወንድሜ ልጅ ከሥራ ስትመለስ አንድ እሽግ ትገዛለች፣ ፍሪጅ ውስጥ ታኖረዋለች፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትበላለች። ለሳምንት ይበቃታል። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ፈረቃቸው ሌላ ስለሆነ የየራሳቸውን እሽግ ይገዛሉ።

ቢሮ መሄዱም ቀሏል። ያኔ ወረቀት ለማስሞላት ከሥራው የሚቀር አስተርጓሚ ያስፈልገን ነበር፤ የቀኑን ደመወዝ ያጣልናል፣ በልመናም በይሉኝታም እንጎትተዋለን። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት ዛሬ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪን በነፃ ያስተናግዳሉ። ለዚያ ሕግ ብዙ ሰው ደክሟል፤ ቢሮ በገባሁ ቁጥር የአማርኛውን ጽሑፍ ሳይ ልቤ ይሞላል።

ስለዚያ ዘመን ሲወራ አንድ ነገር ይዘለላል። 18ኛው መንገድ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ስንገባ የምንጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ማን ተቀበለሽ?" ነበር። መልሱ ብዙ ነገር ይወስናል። የተቀበለን ሰው የኢሕአፓ ከሆነ እኛም የኢሕአፓ ነን፤ የተቀናቃኙ ፓርቲ የመኢሶን ከሆነ የኢሕአፓው ሰላምታ ይነሳናል። አገር ቤት ያልነካነው ጠብ ዋሽንግተን ውስጥ የእኛ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን የት እንደምንሳለም፣ የማን ሠርግ ላይ እንደምንገኝ፣ የማንን ለቅሶ እንደምንዘል የአልጋው ባለቤት ያውቅልናል። ሴት ከሆንን ደግሞ ይብሳል። ማታ ስንት ሰዓት ገባች፣ ከማን ጋር ቆማ አወራች የሚለው ቅዳሜ በማዕዱ ላይ ይነሳል። ትምህርት ቤት ልመዝገብ ስል "ገና ነሽ፣ መጀመሪያ ሥራሽን ያዢ፣ ወንድሞችሽን እርጂ" አሉኝ። ክፉ አስበው አይደለም፤ እነሱም የተባሉት ይህንኑ ነው። ካፖርታቸውን ለብሼ፣ እንጀራቸውን በልቼ፣ እንዴት እምቢ እላለሁ? ኮሌጅ የገባሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጅ አዝዬ ነው።

የወንድሜ ልጅ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የተመዘገበችው ገና አገሩን ሳትለምድ ነው። ማንንም አላስፈቀደችም፤ የምታስፈቅደውም የለም። ለእኔ የነገረችኝ መማሪያ መጽሐፏን ከገዛች በኋላ ነው፤ ስልኩን ዘግቼ እልል አልኩ። ማን ተቀበለሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ የየትኛው ወገን እንደሆነች የሚመድባት የለም። ውለታ የለባትም። ክረምቱ ሲገባ ካፖርት እንዳላት ጠይቄያት በስልኳ አዝዛ በማግስቱ ደጃፏ እንደደረሰላት ነገረችኝ፤ ልኳ ነው፣ ያምርባታል።

ያኔንና ዛሬን ሳወዳድር የማይመዘን የሚመስለኝ መርዶ ነው።

አባቴ ያረፈው እኔ አዲስ ገቢ ሳለሁ ነው። "ትልመድ፣ እግሯን ትትከል" ተባለና ለወራት ተደበቀኝ። በሰው እጅ የሚደርሰኝ ደብዳቤ "ሁላችንም ደህና ነን" ይል ነበር፤ የወንድሜን ድምፅ የያዘው ካሴትም እንዲሁ። ለካ ማዕዱ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ያውቃሉ። አንድ እሑድ ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከመምጣታቸው በፊት ሆቴሉ ደውለው ፈቃድ ጠይቀውልኛል፣ ቡና ቆልተዋል፣ ንፍሮ ቀቅለዋል። አንደኛዋ በቀኜ፣ ሌላዋ በግራዬ፣ አንድ ጎበዝ ከኋላዬ ቆመ። ስወድቅ የሚይዘኝ ማን እንደሆነ ተመድቦ ነበር። ያን ያህል ጊዜ በመዋሸታቸው በኋላ ተቀየምኳቸው፤ ቂሙ ወጥቶልኛል። እጆቻቸውን ግን እስከ ዛሬ ይሰሙኛል።

የወንድሜን ልጅ ያሳደገቻት የእናቷ እናት ናት። ያረፈች ዕለት ከአዲስ አበባ ደውለው "ሰው ይዘሽ ሂጂና አርጂያት" አሉኝ። ሰዎቹን ጠርቼ ሳልጨርስ እሷ ደወለች። መጋዘን ውስጥ ስትሠራ ለምሳ ወጥታ ስልኳን ስትከፍት የአክስቷ ልጅ የአሮጊቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል፤ ሥሩ ነፍስ ይማር የሚል ተደርድሯል። "እቴቴ፣ አያቴ ሞታለች እንዴ?" አለችኝ። ከኋላዋ የመጋዘኑ ማሽን ይጮሃል። አጠገቧ ስሟን እንኳ የሚያውቅ ሰው የለም። መኪናዬን አስነስቼ እስክደርስ ማቆሚያው ዳር ቁጭ ብላ አገኘኋት።

በማግስቱ ሌሊት ግን እኔ ቤት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ቀብሩን አየች። አንድ ዘመድ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ከፍትሐቱ እስከ ግብዓተ መሬቱ አሳያት። ካህናቱ ሲያዜሙ አብራ አለቀሰች፤ አፈሩ ሲመለስ አየች፤ እናቷን በስሟ ጠርታ አጽናናች። እኔ የአባቴን መቃብር ያየሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ አገሬ ስገባ ነው፤ ሣር በቅሎበት ነበር። ቀብሩ ላይ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ ሰው እጠይቃለሁ።

ሦስት ቀን ለቅሶ እኔ ቤት ተቀመጥን። እሷ "ሰው አላውቅም፣ ማን ይመጣል?" ብላ ነበር። እኔ ለጥቂት ሰው ደወልኩ፣ እነሱ ለሌሎች ነገሩ። በድስት ወጥ፣ በፌስታል እንጀራ፣ በካርቶን ውሃ ይዘው ገቡ፤ ወንበር አንሶ ከጎረቤት ተዋስን። ካፖርቱን ከእኔ የወረሰው ልጅ፣ ዛሬ አያት ሆኗል፣ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲቀበል ዋለ። ከመጡት ወጣቶች አንዷ ከየት እንደመጣች ስትጠየቅ ሲልቨር ስፕሪንግ አለች፤ መንገዱን ጠራች፤ የሕንፃውን ቁጥር ተናገረች። የወንድሜ ልጅ ቀና አለች። ልጅቷ ከእሷ ሁለት ፎቅ በላይ ነው የምትኖረው፤ በአንድ ሊፍት ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፈረቃቸው ከገጠመ፣ አብረው ይበላሉ።