ማሽኑ ሲሳሳት ማን ይጠየቃል?



ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን ኮሚቴ አጥብቆ ከተወያየባቸው ጉዳዮች አንዱ የበራችን ጥበቃ ነው። አንድ ድርጅት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፊት የሚለይ ካሜራ አቀረበልን። «ይህ ከተገጠመ ከሁለቱ ጥበቃዎች አንዱን መቀነስ ትችላላችሁ» አሉን። ነገሩ የሚያጓጓ ነበር። የሕንፃው ኪራይና የመምህራን ደመወዝ የሚከፈለው ከእናንተ ኪስ ነው፤ ክፍያ ብንጨምር ልጁን ለማስወጣት የሚገደድ ወላጅ እንዳለ እናውቃለን።

ስንመክር ግን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ትዝ አለን። ሁላችንም በምንመላለስበት መስመር፣ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሌላ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

በአውሮፕላኑ ላይ የነበረው ኤምካስ የተባለው ፕሮግራም ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረም። ቢሆንም አብራሪው ሳያዘው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋ ነበር። የሚያምነው አንድ መለኪያ ብቻ ስለነበር፣ መለኪያው ሲሳሳት እሱም ተሳሳተ። ከመጀመሪያው አደጋ በፊት ብዙ አብራሪዎች መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ከኤርባስ ጋር የነበረው ፉክክር ያመጣውን የጊዜና የወጪ ጫና ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎታል።

ስለዚህ ሻጮቹን ሦስት ነገር ጠየቅናቸው። ካሜራው ሲሳሳት ማን ያያል? ማን ሊያስቆመው ይችላል? ልጅ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል? ለሦስተኛው መልሱን ከእነሱ መጠበቅ አላስፈለገንም። የኬንያ የሥራ ቦታ ደኅንነት ሕግም ግዴታውን የጣለው በአሠሪው ላይ ነው፤ የወላጅ አደራም ያለው በእኛ ላይ ነው።

ካሜራውን ለአንድ መንፈቅ ልንሞክረው ተስማምተናል። ሁለቱም ጥበቃዎች ግን በሥራቸው ይቀጥላሉ። ካሜራው ፊት ይለያል፤ ልጆቻችሁ «ጋሼ» የሚሏቸው ጥበቃችን ግን ልጅ ሊወስደው የመጣውን ሰው አይቶ ሲሸማቀቅ ያስተውላሉ። ወጪውን ለማካካስ የዘንድሮውን የዓመት መዝጊያ ድግስ አሳንሰነዋል፤ ምግቡ ቢያንስባችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ነገሩ የእናንተም ነው። ስልካችሁ የቤት ሥራ ሲመልስላችሁ ተጠቀሙበት፤ ነገር ግን መርምሩት። ከወረቀቱ አናት ላይ የሚጻፈው የእናንተ ስም ነው። ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም አብራሪ ስትሆኑ «ኮምፒውተሩ ነው ያለው» የሚል መልስ ለሟች ቤተሰብ አይበቃም።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ!