ዓይን ሲጋልብ ጆሮ ሲቀመጥ

ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ እግሩ ከሚያደርሰው ይልቅ ልቡ ወደሚመኘው ስፍራ ፈጥኖ ለመድረስ ሲጥር ኖሯል። ፈረስን የገራው፣ በቅሎን የጫነው፣ በኋላም ባቡርንና አውቶሞቢልን ያበጀው ይኸው ምኞት ነው። ዳሩ ግን ፍጥነት ሁልጊዜ ዋጋ ነበረው፤ ጉግስ የሚጫወት ጎበዝ ከፈረሱ ቢወድቅ አጥንቱ ይሰበራል፤ መኪና የሚያበር ሰው መንገዱን ቢስት ነፍሱን ይከፍላል። በዚህ ዘመን የተነሡ ጥበበኞች ግን ዋጋ የማይከፈልበት የሚመስል ፍጥነት አበጅተው፣ በመነጽር ውስጥ አግብተው፣ ለሰው ሁሉ ይሸጣሉ። ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደ መጣ፣ ጥቅሙና ጉዳቱም ምን እንደሚመስል መመርመር ለአስተዋይ ሰው የተገባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶኒ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ፕሌይስቴሽን ከተባለው የጨዋታ ኮንሶል ጋር የሚያያዝ፣ በራስ ላይ ተጠልቆ ሁለቱን ዓይኖች ፈጽሞ የሚሸፍን መነጽር በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ፤ ሁለተኛውንና የተሻለውን፣ ፕሌይስቴሽን ቪአር 2 የተባለውን፣ በ2023 ዓ.ም. በየካቲት ወር አስከተለ። የአሳቡ ሥር ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። የሰው ሁለቱ ዓይኖች በመካከላቸው ጥቂት ርቀት ስላለ አንዱን ነገር በጥቂቱ እየለያዩ ያዩታል፤ አንጎልም ሁለቱን ሥዕል አስማምቶ አንድ ሲያደርግ ቅርብና ሩቁ ይለያል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ይህን በ1838 ዓ.ም. በጽሑፍ አስረድቶ ለያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ አበጀ። ከ130 ዓመት በኋላ በ1968 ዓ.ም. አሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ በኮምፒዩተር የተሣለ ሥዕል ለሁለቱ ዓይኖች የሚያቀርብ፣ ራስ ሲዞር ሥዕሉም አብሮ የሚለወጥ መሣሪያ ሠራ፤ ነገር ግን ዕቃው ከጣሪያ ጋር የተያያዘ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ጥበብ ተጣጥፎ ከ600 ግራም በታች በሚመዝን መነጽር ውስጥ ገብቷል።

በዚህ መነጽር ከሚደረጉት ጨዋታዎች አንዱ ግራን ቱሪስሞ የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ነው። ካዙኖሪ ያማውቺ የተባለው ጃፓናዊ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ደክሞ የመጀመሪያውን በ1997 ዓ.ም. አወጣ፤ ሰባተኛው በ2022 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ሁለተኛው መነጽር ለገበያ በቀረበበት በዚያው ቀን በመነጽሩ እንዲነዳ ተደረገ። መነጽሩን የጠለቀ ሰው በቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ራሱን በመኪና ውስጥ ያገኘዋል፤ መሪው በፊቱ፣ ክሩስኮቱ ከመሪው ወዲያ፣ ስፖኪዮው በግራና በቀኝ ነው። በመነጽሩ ላይ ያሉት አራት ካሜራዎች የራሱን እንቅስቃሴ ስለሚከታተሉ አንገቱን ቢያቀና ከፊቱ ያለውን ኮረብታ፣ ወደ ጎን ቢመለከት አጠገቡ የሚሮጠውን ባላጋራ ያያል። በውስጥ በኩል ያሉት ደግሞ የዓይኑን ብሌን ይከተላሉ፤ ሰው አጥርቶ የሚያየው ዓይኑ ያረፈበትን ጥቂት ስፍራ ብቻ ስለ ሆነ፣ ማሽኑ ያን ስፍራ አጥርቶ እየሣለ የቀረውን በቸልታ ያልፈዋል። እንግዲህ ሰው ወዴት እንደሚመለከት የሚያውቅ መስታወት መጣ ማለት ነው።

ይህ መነጽር በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ወደሚኖር ወደ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ገባ። ሰውዬው የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ 22 ዓመት ሙሉ መንገደኛ ሲያመላልስ አንድ ሰው እንኳ አልጎዳም። መነጽሩን የገዛው 19 ዓመት የሞላው ልጁ ነበረ፤ ልጁም መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። አባት በመጀመሪያ ነገሩን በንቀት አየው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ልጁ ዓይኑን ተሸፍኖ፣ በእጁ መሪ እያዞረ፣ በእግሩ ፔዳል እየረገጠ፣ ፊቱን ወደ ባዶ ግድግዳ አድርጎ ያገኘዋልና፣ «ዓይኑን ጨፍኖ መንዳት የሚያምረው ነጂ ከዚህ በቀር አላየሁም» እያለ ይስቅ ነበር። ሳቁ የቀረው ልጁ አንድ ቀን በእራት ላይ፣ «አባባ፣ በበጋው መኪናችንን ወደ ኑርበርግሪንግ ልወስዳት እፈልጋለሁ፤ መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ» ባለ ጊዜ ነው።

ኑርበርግሪንግ ከኮሎኝ በስተ ደቡብ በአይፍል ተራሮች መካከል የሚገኝ የእሽቅድምድም መንገድ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው ሰሜናዊው ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ከ70 የሚበልጡ ኩርባዎች አሉት፤ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ስፍራ ያለው ልዩነትም 300 ሜትር ያህል ነው። ስኮትላንዳዊው ነጂ ጃኪ ስቱዋርት «አረንጓዴው ሲኦል» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ጸንቶበት ቀረ። በ1976 ዓ.ም. ኦስትርያዊው ኒኪ ላውዳ በዚሁ ዙር ላይ ተጋጭቶ መኪናው በእሳት ስትያያዝ ክፉኛ ተቃጥሎ ለጥቂት ከሞት ተረፈ፤ ከዚያም ዓመት ወዲህ ፎርሙላ አንድ የተባለው ውድድር በሰሜናዊው ዙር ላይ ተደርጎ አያውቅም። የሚያስገርመው ግን ይኸው መንገድ በተወሰኑ ቀኖች ገንዘብ ከፍሎ በገዛ መኪናው ለመንዳት ለሚሻ ባለ መንጃ ፈቃድ ሁሉ ክፍት መሆኑ ነው። ስለዚህ የልጁ ምኞት የሕልም ነገር አልነበረም።

አባት ወዲያው አልከለከለም፤ ሳያዩ መፍረድ የሚያሳፍር መሆኑን ያውቃልና፣ «እስቲ መጀመሪያ ለኔ አሳየኝ» አለ። ልጁም መነጽሩን አጠለቀለት። በመጀመሪያው ቀን አባት የቆየው አራት ደቂቃ ብቻ ነው። በሦስተኛው ኩርባ ላይ ግንባሩን ላብ አሰመጠው፣ አፉን ምራቅ ሞላው፣ ሆዱም ተገለባበጠ፤ መነጽሩን አውልቆ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨበጠ። 22 ዓመት መሪ የያዘ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ እንደ ባሕር መንገደኛ ታመመ።

የዚህ ሕመም ምክንያት ሊታወቅ የተገባው ነው። በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ የሞላባቸው፣ እንደ ግማሽ ቀለበት የጎበጡ ሦስት ቦዮች አሉ፤ ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ስለሚዘገይ የመዞሩን ወሬ ለአንጎል ያደርሳሉ፤ ከነሱም አጠገብ ማዘንበልንና መፍጠንን የሚመሰክሩ ጥቃቅን ጠጠሮች አሉ። በመርከብ ጓዳ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ጆሮው «ተናወጥን» ሲል ዓይኑ «ጓዳው ጸጥ ብሏል» ይላል። በመነጽሩ ግን ክርክሩ የተገለበጠ ነው፤ ዓይን «በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረርን ነው» ሲል ጆሮ «ከወንበራችን አልተነሣንም» ብሎ ይመሰክራል። ሪዝንና ብራንድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1975 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የጉዞ ሕመም ከዚህ ከምስክሮች አለመስማማት የሚመጣ መሆኑን አስረድተዋል። ዳኛው አንጎል ከሁለቱ ምስክሮች ማንን እንደሚያምን ሲቸገር ዕዳውን የሚከፍለው ሆድ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ አባት በየማታው ጥቂት ጥቂት ደቂቃ እየተቀመጠ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ዝግተኛ መኪና መርጦ፣ ሆዱ ማጉረምረም ሲጀምር ወዲያው እየተወ፣ ሰውነቱን አስለመደ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዙሩን ሳይታመም ፈጸመው። ያን ጊዜ ነገሩ ሊናቅ የማይገባ መሆኑ ገባው። በቴሌቪዥን ሲያየው ሜዳ ይመስለው የነበረው ቍልቍለት በመነጽሩ ውስጥ እንደ ገደል ሆኖ ታየው፤ ዓይንን ወደ ኩርባው መጨረሻ መላክ፣ ስፖኪዮ መመልከት፣ ሁሉም እንደ እውነተኛው ነበር። ልጁም ከጎኑ ቆሞ በቴሌቪዥኑ እያየ፣ «አባባ፣ እዚህ ላይ ፍሬን አይያዙ፤ ቀድመው ከጉብታው በፊት ይያዙ» እያለ ከኩርባ ወደ ኩርባ እየመራ አስተማረው። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ሌሊት እንደሚያጠና ልጁ የመንገዱን ስም ሁሉ አጥንቶ ነበረና፣ አባት በልጁ ትጋት ደስ አለው።

ደስታውን የሰበረው አንድ ማታ የተናገሩት ጥቂት ቃል ነው። ልጁ ኩርባ ስቶ ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር ተላተመ፤ ሣቀ፤ ቍልፉን ተጭኖ እንደ ገና ጀመረ። አባት፣ «ምነው አልደነገጥህም?» ቢለው፣ «ምን አጣለሁ ብዬ ልደንግጥ?» አለው። ያች ቃል አባትን እንቅልፍ ነሣችው። ነጂ በእግሩ ውስጥ የሚይዘው ትልቁ ዕውቀት ፍርሃት መሆኑን፣ ያንን ፍርሃት ደግሞ ያስተማረው ከኋላው የተሳፈረው ሕዝብ ክብደት መሆኑን ያውቅ ነበረና።

በማግስቱ ተነጋገሩ። ልጁም ማስረጃ አቀረበ፤ ያቀረበውም እውነት ነበር። እንግሊዛዊው ጃን ማርደንቦሮ በግራን ቱሪስሞ ተጫዋቾች መካከል ይደረግ በነበረው ጂቲ አካዳሚ በተባለው ውድድር በ2011 ዓ.ም. አሸናፊ ሲሆን ዕድሜው 19 ዓመት ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ በሌማን የ24 ሰዓት ውድድር ከባልደረቦቹ ጋር በክፍሉ ሦስተኛ ሆኖ ፈጸመ። «እኔም ዕድሜዬ 19 ነው» አለ ልጁ። አባትም፣ «የዚህን ሰው ታሪክ እስከ መጨረሻ አንብበው» አለው። በ2015 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ማርደንቦሮ በዚያው በኑርበርግሪንግ ሲወዳደር፣ ፍሉግፕላትስ በተባለው ጉብታ ላይ መኪናው ከምድር ተነሥታ አጥሩን ተሻግራ ወደቀች፤ ነጂው ተረፈ፣ ከተመልካቾች ግን አንድ ሰው ሞተ፣ ሌሎችም ቈሰሉ። «ይህ ሰው በጨዋታውና በዙሩ መካከል አስተማሪ ነበረው፤ በእውነተኛ መኪና የብዙ ጊዜ ልምምድ ነበረው። ያም ሆኖ መኪናዋ በረረች። የሞተው ሰው ደግሞ ሊያይ የመጣ እንጂ የሚወዳደር አልነበረም። አንተ ምን አጣለሁ አልኸኝ፤ ሌላው ሰው ምን ያጣል ብለህ ጠይቀሃልን?» አለው።

ልጁ መልስ አልሰጠም፤ አባትም አላስጨነቀውም። በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱ በአባት መኪና ወደ ስፍራው ሄዱ፤ ወደ ዙሩ ግን አልገቡም። ብሩንሸን በተባለው ኩርባ አጠገብ ተመልካች በሚቆምበት ከአጥር ውጭ ቆሙ። የጎማ ሽታ፣ የፍሬን ጩኸት፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ በእግር ሥር የሚሰማው መንቀጥቀጥ፣ ይህ ሁሉ በመነጽሩ ውስጥ ያልነበረ ነው። ከቀትር በኋላ አንዲት ትንሽ መኪና ተንሸራትታ ከሣሩ ላይ ቆመች። ነጂዋ አልተጎዳም፤ ነገር ግን ወጥቶ ሁለት እጁን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ ሳይቀና ቆየ። የሚጫን ቍልፍ አልነበረም። ሲመለሱ ልጁ እስከ ግማሽ መንገድ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «አባባ፣ አስተማሪ ያለበት የመኪና ልምምድ ስንት ያስከፍላል?» አለ። ገንዘቡንም አባትና ልጅ በየድርሻቸው ከፈሉ። መነጽሩ ከቤት አልወጣም፤ ማታ ማታ ዛሬም ይሽቀዳደማሉ፤ አባትም ከልጁ በአንድ ደቂቃ ተኩል ወደ ኋላ ይቀራል።

ቅኔ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንጥረኛ አስቀድሞ በሰም ቅርጹን ያበጃል፤ ኋላም ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በስፍራው ይገባል። ሰሙን የናቀ ቅርጽ አያገኝም፤ ሰሙን ወርቅ ነው ያለ ግን ያፍራል። የመነጽሩ መንገድ ሰም ነው፤ የኩርባውን ስም፣ የቍልቍለቱን መልክ፣ ዓይንን አርቆ መላክን ያስተምራል። ወርቅ ግን የሚታወቅ በክብደቱ ነው፤ ያ ጨዋታ የጎደለውም ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆች ያሉት ሰው መነጽሩን ለመከልከል ወይም ለመፍቀድ ከመቸኮል ይልቅ አንድ ጊዜ ራሱ ቢጠልቀው ይበጀዋል፤ ከ12 ዓመት በታች ላሉት ሕፃናት እንዳይሰጥ የሠራው ኩባንያ ራሱ መክሯልና ይህንም ይጠብቅ። ሆዱ ቢታወክም አይቈጣ፤ ዓይን ሲታለል «ገና አልተነሣንም» ብሎ እውነቱን የሚናገር ምስክር በያንዳንዱ ሰው ጆሮ ውስጥ ተቀምጧል፤ ያን ምስክር መስማትም የብልህ ሰው ሥራ ነው።