ዘግይቶ የመጣው ባለቤት



በዚህ ወር የማነሣው ጉዳይ አንዳንድ ወላጆችን “አሁን ይህ ምን ቁም ነገር ኖሮት ነው?” ያሰኝ ይሆናል። ጉዳዩ የኮምፒውተር ጌም ነው። በተለይም አንድ ትልቅ ኩባንያ ሁለት ጠንካራ ባላንጣዎቹን ሊገዳደር አውጥቶት ያልቀናው ጌም ነው። ታሪኩን ካነበብኩት ሰንብቻለሁ፤ ይሁንና ክፍል ውስጥ ከማየው ነገር ጋር እየተገናኘብኝ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

በቅድሚያ ለማያውቁት ላስረዳ። ወላጆች “ጌም” ሲባል በዓይነ ሕሊናቸው የሚመጣባቸው ጥግ ይዞ ብቻውን ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ልጅ ነው። ይህኛው ዓይነት ግን ለብቻ አይሆንም። አምስት ሰዎች በአንድ ወገን፣ አምስት ሰዎች በሌላ ወገን ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በያሉበት ተቀምጠው በኢንተርኔት ይገጥማሉ። በሜዳው ሁለት ጫፎች ሁለት ሰፈሮች አሉ። ሰፈሮቹን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መንገዶች ያገናኟቸዋል፤ በየመንገዱ የጥበቃ ማማዎች ቆመዋል፤ ኮምፒውተሩም በየጊዜው ትናንሽ ወታደሮችን እያሰለፈ ይልካል። ተጫዋቹ አንድ ጀግና መርጦ ይገባል። የባላጋራውን ሰፈር እምብርት ቀድሞ ያፈረሰ ወገን አሸናፊ ነው። ሕጉ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ዝርዝሩ ግን፣ ልጆቻችሁን ጠይቁ፣ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ያህላል።

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ ነው (የውጭውን ታሪክ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። ብሊዛርድ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ2002 ዋርክራፍት 3 የተሰኘውን ጌም ለገበያ ሲያቀርብ፣ ተጫዋቾች የራሳቸውን ሜዳ የሚሠሩበትን መሣሪያም አብሮ ሰጠ። በ2003 ከተጫዋቾቹ አንዱ በዚያ መሣሪያ “ዶታ” የተባለውን ሜዳ ሠራ። ከእርሱ በኋላ ስቲቭ ፊክ የተባለ ሰው፣ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ አይስፍሮግ በሚለው ቅጽል ስሙ የሚታወቀው እየተቀባበሉ አሳደጉት። ብሊዛርድ ቀጥሮ ያሠራቸው ሰዎች አልነበሩም። መሬቱ የኩባንያው፣ ቤቱ ግን የእንግዶቹ ሆነ ማለት ነው።

እኔም የማውቀው ያንን ቤት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ዶታ ወደ ማደሪያችን የገባው በፍላሽ ነበር። የሜዳው ፋይል ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው እስኪገለበጥ ሻይ አይቀዘቅዝም። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ አሮጌ ላፕቶፖች በገመድ ከተያያዙ በቂ ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪያቸው የደከመባቸው ልጆች ከሜዳው ስለሚጠፉ አንደኛው ወገን በሁለት ሰው ይቀራል፤ “መብራት ኃይል አሸነፈን” እየተባለ ይሳቃል። እኔ ጎበዝ ተጫዋች አልነበርኩም። አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ የምመለከተው ሌላ ነገር ነበር። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረር፣ ከጎጃም የመጡ ልጆች፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ በቅጡ ሳይሰማ “ና! ተመለስ! ያዘው!” እየተባባሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወንድማማች ሲሆኑ አይቻለሁ። ማስታወሻ ደብተር የተዋዋሱት፣ ሲታመሙም የተጠያየቁት እነዚሁ ነበሩ።

ሌሎች ኩባንያዎች ይህ ቤት ምን ያህል ሰው እንደሚያስተናግድ ዐዩ። ራየት ጌምስ ስቲቭ ፊክን ወስዶ በኦክቶበር 2009 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን አወጣ። ቫልቭ ደግሞ አይስፍሮግን ቀጥሮ ዶታ 2ን ሠራ፤ ጌሙ ገና ለሕዝብ በይፋ ሳይለቀቅም በ2011 ጀርመን ኮሎኝ ላይ ውድድር ጠርቶ ለአሸናፊው ቡድን 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ባለመሬቱ ብሊዛርድስ? በ2010 “ብሊዛርድ ዶታ” ያለውን ሙከራ አሳይቶ ነበር። ከዚያም ዶታ በሚለው ስም ከቫልቭ ጋር ክርክር ገጠመ፤ በሜይ 2012 ሲስማሙ ስሙን ለንግድ የመጠቀሙ መብት የቫልቭ ሆነ። በገዛ ግቢው የተወለደው ልጅ በሌላ ሰው ስም ተጠራ ማለት ነው! ብሊዛርድም የጌሙን ስም ደጋግሞ ከለዋወጠ በኋላ “ሂሮስ ኦፍ ዘ ስቶርም” ብሎ ጁን 2 ቀን 2015 በይፋ ከፈተው። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ከወጣ አምስት ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ነበር።

የዘገየ ሰው ባዶ እጁን አይመጣምና ብሊዛርድም ያመጣው ነገር ነበረው። እኔን እንደ አስተማሪ የማረከኝም ይኸው ነው። ዶታ ውስጥ ወርቅ አለ። ትንሹን ወታደር በመጨረሻዋ ምት የጣለው ሰው ወርቁን ለብቻው ይወስዳል፤ በወርቁ ዕቃ ይገዛል፤ ይበረታል። በዚህ ምክንያት የአንድ ወገን ሰዎች እርስ በርስም ይሻማሉ። እንዲያውም ባላጋራ እንዳይጠቀምበት ሲባል የገዛ ወገንን ወታደር መግደል በዶታ የታወቀ ብልሃት ነው። (ይህን ለአንድ ሸምገል ላሉ አባት ባስረዳቸው “ታዲያ ይህ አዲስ ነገር ነው እንዴ?” ብለው ሳቁ።) ሂሮስ ይህን ሁሉ አነሣው። ወርቅ የለም፤ የሚገዛ ዕቃም የለም። አንዱ ያገኘው ልምድ ለአምስቱም ይቆጠራል፤ ደረጃ ሲወጣም አምስቱ እኩል ይወጣሉ። ደካማው ወደ ኋላ አይቀርም፤ ብርቱውም ብቻውን አይመጥቅም። አንዱ ግጥሚያ የሚፈጀው ጊዜም ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ዶታ ግን ብዙ ጊዜ አርባውን ይጠጋል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም እንደማይበልጥ ለሚያውቅ ቤተሰብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

መልካም ነገር ነው አይደል? ብዙዎች ግን አልወደዱትም። ቅሬታቸውን ሳነብ የሰማሁት የራሴን ክፍል ድምፅ ነበር። በትምህርት ቤቶቻችን “አንድ ለአምስት” የሚባለው አደረጃጀት የነበረበትን ዘመን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የቡድን ሥራ ይሰጣል፤ ውጤቱ ለሁሉም አንድ ነው። ጎበዟ ልጅ ሌሊቱን ስትሠራ ታድራለች፤ ተኝቶ ያደረውም እኩል ያገኛል። አንዲት ተማሪ “ቲቸር፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ታዲያ የኔ ድካም የቱ ጋ ነው?” ብላኛለች። የሌሎቹ ጌሞች ተጫዋቾች ሂሮስን ሲነቅፉ ያሉትም ይህንኑ ነው፤ የቱንም ያህል ጎበዝ ብሆን ቡድኔን ተሸክሜ ማሸነፍ አልችልም፣ ድካሜም ለብቻው አይታይልኝም ነው የሚሉት። መድረሳ የተማርን ሰዎች ደግሞ ሌላ ሥርዓት እናውቃለን። እያንዳንዱ ልጅ ለውሑን ይዞ በየራሱ አቅም ይቀራል፤ የያዘ ይቀጥላል፣ ያልያዘ ይደግማል። ግን ፊት የሄደው ልጅ ከኋላው ያለውን ያስቀራል። ደረጃው የየራስ ነው፣ ሸክሙ የጋራ ነው። ከጌሞቹ አንዳቸውም ይህን ያገኙት አይመስለኝም፤ ጌም የሚሠራ ሰው ቢያነበኝ በነፃ እሰጠዋለሁ።

ብሊዛርድ ገንዘብ አልሰሰተም። በ2015 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አወዳድሮ ፍጻሜው በኢኤስፒኤን 2 ቴሌቪዥን ተላለፈ፤ የበርክሌይ ተማሪዎች አሪዞና ስቴትን አሸነፉ፤ ሽልማቱም የትምህርት ክፍያ ነበር። በ2017 ለባለሙያ ተጫዋቾች ሊግ አቋቋመ። ይሁንና በዲሴምበር 2018 ከሠራተኞቹ ከፊሎቹን ወደ ሌሎች ጌሞች እንደሚያዛውር፣ ውድድሮቹም በ2019 እንደማይኖሩ በድንገት አስታወቀ። በዚህ ጌም እንጀራቸውን ያበስሉ የነበሩ ወጣቶች ለመጪው ዓመት ሲዘጋጁ ሜዳው ተዘጋባቸው። በጁላይ 2022 ደግሞ አዲስ የሚሸጥ ነገር እንደማይወጣለት ተነገረ። ጌሙ አልጠፋም፤ ወዳጆቹ እስካሁን ይጫወቱታል። ሁለቱ ባላንጣዎቹ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ለመሆኑ ለምን አልቀናውም? ዘገየ ይላሉ፤ ቀለለ ይላሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ምክንያት ጌሙ ውስጥ ያለ አይደለም። አምስት ጓደኛሞች ለአምስት ዓመት ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ሲጫወቱ ኖረዋል እንበል። ከመቶ በላይ የሆኑ ጀግኖችን ጠባይ በቃላቸው ይዘዋል፤ ያወጡት ደረጃ እዚያ ተመዝግቧል፤ ለጀግኖቻቸው የገዙት ልብስ ሳይቀር እዚያ ነው ያለው። አዲሱ ይሻላል ብሎ ከመካከላቸው አንዱ ቢነሣ አራቱን ትቶ ነው የሚሄደው። አምስቱ በአንድ ቀን ካልተነሡ አንዱም አይነሣም። ወደ እኛ ማደሪያ ሲመጣማ ነገሩ ጭራሽ የባሰ ነው፤ ሁልጊዜ ኢንተርኔት የሚፈልግ ጌም በፍላሽ አይገለበጥም።

የቀናቸው ሌላ መንገድ የያዙት ናቸው። በ2015 ቻይና ውስጥ የቴንሰንት ኦነር ኦፍ ኪንግስ፣ በ2016 ደግሞ የሙንቶን ሞባይል ሌጀንድስ በስልክ መጡ። ራየት በ2017 “ሥራዬን ቀድቷል” ብሎ ሙንቶንን እስከ መክሰስ ደርሷል። የሆነ ሆኖ እነዚህ ጌሞች ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠውን ሰው ተነሥ አላሉትም። ኮምፒውተር ኖሮት በማያውቀው ወጣት ኪስ ገቡ፤ ግጥሚያውንም ወደ አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ አወረዱት።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ የተያዘውም በዚሁ በስልኩ ነው። አባቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው “ኡስታዝ፣ ልጄ አዛን እየሰማ አይነሣም፤ ‘ትንሽ ቀርቶኛል’ ይለኛል። ሦስት ጊዜ ስልኩን ቀማሁት፤ የጓደኛውን ተውሶ ይመጣል” አሉኝ። ልጁን ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት። “ቲቸር፣ ጌሙ አይቆምም። እኔ ከወጣሁ አራቱ በኔ ምክንያት ይሸነፋሉ” አለኝ። አልዋሸም። ግጥሚያ ጥሎ የወጣ ሰው ይቀጣል፤ ጓደኞቹም አራት ሆነው ከአምስት ይታገላሉ። ጓደኛህን አትክዳ ብለን ያሳደግነው ደግሞ እኛው ነን። እርግጥ የሶላት ወቅት ከግጥሚያ ጋር የሚመዛዘን ነገር አይደለም፤ ይህን ልጁም ያውቀዋል። ስለዚህ መቆም ያለበት የት ላይ እንደሆነ አብረን አሰላን። ግጥሚያው አሥራ አምስት ደቂቃ ከፈጀ፣ አዛን ሊል ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አዲስ ግጥሚያ አይጀመርም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ችግሩ አራቱ ከጀመሩ እርሱ መቅረት አይችልም።

“አራቱ እነማን ናቸው?” ብዬ አባቱን ጠየቅኋቸው። አያውቁም። ልጁ ሲነግረን ሁለቱ የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ ሦስተኛው ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው ልጅ፣ አራተኛው ደሴ የሚኖር፣ አንዳቸውም በአካል አይተውት የማያውቁት ልጅ ነው። አባትየው “የጎረቤቴ ልጅ? ከአባቱ ጋር በየቀኑ መስጂድ እንገናኛለን እኮ!” ብለው ደነገጡ። አባትና አባት ሲሰግዱ፣ ልጅና ልጅ በዚያው ሰዓት በሁለት ክፍል ሆነው አብረው ይዋጉ ነበር።

ስልክ መቀማቱ ቀረ። ሦስቱ የሰፈር አባቶች ተነጋገሩ፤ ልጆቹም ለደሴው ጻፉለት። ከመግሪብ ሃያ ደቂቃ በፊት አምስቱም ይወጣሉ፤ ከዒሻ በፊት ማንም አይገባም። ደሴ ላይ ፀሐይ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ በጥቂት ደቂቃ ቀድማ ስለምትጠልቅ “በቃ፣ ውጡ” ብሎ የሚጽፍላቸው የደሴው ልጅ ሆኗል። የፈተና ውጤቱን ገና አላየሁትም፤ ስለ እርሱ አሁን የምለው የለኝም።

እስከ አሁን ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ባለፈው ማክሰኞ ከመካከላቸው አንዱ አላስችል ብሎት በተከለከለው ሰዓት ብቻውን ገብቶ ነበር። ጌሙ ከማያውቃቸው አራት ሰዎች ጋር መደበው፤ ሲሰድቡት ቆይተው ተሸነፉ። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ የነገረኝ ራሱ ነው፣ እየሳቀ።