ሩኽሳና የጣርማ በር ብርድ



ባለፈው ክረምት ጉለሌ በሚገኘው የሰፈራችን መስጊድ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ ጥያቄ አቀረበልን። ሥራው በሞተር ዕቃ ማድረስ ነው። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የጎማ ቦቲ ተጫምቷል። “ኡስታዝ፣ በዚህ ዝናብ ለየሶላቱ ይህን እያወለቅኩ እግሬ ደነዘዘ። በላዩ ላይ ባብስ ይበቃኛል?” አለን። መልሱ አጭር ነው፤ በመድረሳ ለሕፃናት ሳይቀር እናስተምረዋለን። ቦቲው ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ከሆነና በውዱእ ላይ እያለ ካጠለቀው በላዩ ላይ ያብሳል፤ በአገሩ ያለ ሰው አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ መንገደኛ ደግሞ ሦስት ቀን ከነሌሊታቸው። ይህን ነግረነው ዝም አልን። መስአላውን ከኪታብ የተማርነው በልጅነታችን ቢሆንም፣ የገባን ግን በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ በጣርማ በር ጉም ውስጥ ነበርና።

በዚያ ዓመት ዐረፋ የዋለው ማክሰኞ ነሐሴ 15 ቀን ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እናታችን ያሉት ኮምቦልቻ ነው። በዐረፋ ሰሞን የአውቶቡስ ትኬት እንዴት እንደሚገኝ የወሎ ልጅ ሁሉ ያውቀዋልና አንተርከውም። በእጃችን ግን አንዲት ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ነበረች። በገጠር የግብርና ባለሙያዎች ሲነዷት አንባቢ ሳያይ አይቀርም፤ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ብረት ያላት፣ ካቴናዋ በሽፋን የተከደነ፣ ከቤንዚኑ ጋር ዘይት እያቃጠለች ሰማያዊ ጭስ የምትተፋ ናት። የእኛዋ በጨረታ ከተሸጡት አንዷ ስትሆን፣ አብሮን ከሚጓዘው ታናሽ ወንድማችን በዕድሜ ትበልጠው ነበር። እርሱ ያኔ 19 ዓመቱ ነው።

የሰፈራችን መካኒክ “ሁለት ሰው ጭና 375 ኪሎ ሜትር? በነሐሴ?” ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኛ ግን ካንዴላ ቀይረን፣ ትርፍ ካላማዳሪያና ፓምፕ ይዘን ተሰናዳን። እውነቱን እንናገር ከተባለ ነገሩ የትኬት ማጣት ብቻ አልነበረም። እናታችን ደጃፍ ላይ በሞተር ደርሶ መታየትን ነፍሳችን ወድዳው ነበር።

በዋዜማው ማታ ወንድማችን አንድ ነገር ጠየቀን። ከዙልሒጃ አንድ ጀምሮ ሁለታችንም እየጾምን ነበር። “ጋሼ፣ ነገ መንገደኞች ነን። እንጾማለን እንዴ?” አለ። “እነዚህ ቀናት በዓመት አንዴ ነው የሚመጡት” አልነው። በመልሳችን ውስጥ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን መንገደኛ የረመዷንን የግዴታ ጾም እንኳ እንዲያፈጥር አላህ (ሱ.ወ.) እንደፈቀደለት፣ ይህኛው ደግሞ ሱና ብቻ እንደሆነ አላነሣንም። እርሱም ያውቀዋል፤ በመድረሳ ያስተማርነው እኛው ነን። ሆኖም ታላቅ ወንድሙም ኡስታዙም የሆነ ሰው ከተናገረ በኋላ ምን ይጨምራል?

ቅዳሜ ነሐሴ 12 ቀን ሱብሕን ሰግደን ወጣን። በነሐሴ ንጋት ጉሙ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ መሐል ወርዶ እስከ ሽሮ ሜዳ አስፋልት ይደርሳል፤ ዝናቡም ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ደህና የዝናብ ልብስ የነበረን አንድ ብቻ ነው። ወንድማችን አንሥቶ ለእኛ ሰጠን። “ነፋሱን የምትጋፈጠው አንተ ነህ ጋሼ” አለ። እርሱ በጃኬቱ ላይ ላስቲክ ደርቦ በገመድ ታጠቀ። ተቀበልነው። ሁለት ጊዜ እንኳ እምቢ አላልንም።

የድሮ ሞተረኞች አንድ ብልሃት አላቸው፤ ጋዜጣ አጣጥፈው በሸሚዝና በጃኬት መሐል ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። በወረቀቱ መሐል የሚቀረው አየር ሙቀትን ይይዛል። እኛም የአላህ ስም ያለበት ገጽ እንዳይኖር እየገለጥን መረጥንና በመጨረሻ የተረፉን የስፖርት ጋዜጦች ብቻ ሆኑ። በእጃችን ላይ ደግሞ ከጓንቱ በላይ ፌስታል አጠለቅን። የመንገድ ዱዐችንን አድርገን በመገናኛና በኮተቤ በኩል ወጣን።

እስከ ሰንዳፋ መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዳው ገላጣ ነውና ነፋሱን የሚመክት ነገር የለም። ሰው ሰውነቱን ይበርደዋል ብሎ ያስባል፤ ሞተረኛን ግን መጀመሪያ የሚከዱት ጣቶቹ ናቸው። ፍሪሲዮን ለመጨበጥ ዐይን ተጥሎ “ይኸው ጨበጥኩ” ተብሎ መረጋገጥ አለበት። ፍሬኑም ሌላ ጣጣ ነው። የዚያች ዓይነት ሞተር ፍሬን ከበሮ ውስጥ ያለ ነውና ውሃ ሲገባው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ እየነዱ አለፍ አለፍ እያሉ ረገጥ በማድረግ በራሱ ሙቀት እንዲደርቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ሸኖ ስንደርስ የካንዴላዋ ቆብ ውሃ ገባበትና ሞተሯ ጠፋች። በሸሚዛችን ውስጠኛ ጨርቅ አድርቀን መለስነው። ያን ጊዜ ሁለታችንም እጃችንን በሞተሯ ግለት ላይ ዘርግተን እንደ ምድጃ ስንሞቃት አንድ እረኛ ቆሞ ሳቀብን። ወንድማችንም ሳቀ። ሳቁን ያስታወስነው በኋላ ነው፤ እስከ ማግስቱ ዳግመኛ አልሳቀምና።

ደብረ ብርሃን የደረስነው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም ነው። አዲስ አበባን 130 ኪሎ ሜትር ትተናታል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የነሐሴ ውሃዋ ከቧንቧ ሳይሆን ከበረዶ ቤት የሚመጣ ይመስላል። በመስጊዱ ውዱእ ማድረጊያ ተቀምጠን ቦቲያችንን አወለቅን። ልብ በሉ፤ ሱብሕን ስንሰግድ የነበረን ውዱእ ሳይፈርስ ነበር ቦቲውን ያጠለቅነው። ከአገራችን ወጥተናል፤ መንገደኞች ነን። ማበስ በቂ ነበር። ዙህርና ዐስርን አሳጥረንና አጣምረን ስንሰግድ አንዱን ሩኽሳ ተቀብለን፣ በእግራችን ላይ ግን “ለጥንቃቄ” ብለን የቀረውን መለስነው። ለምን? ወንድማችን እያየን ነበርና፤ ለተማሪያችን ጠንካራ ሆነን መታየት ፈልገን ነበር። እርሱም አየን፣ ቦቲውን አወለቀ፣ በረዶ በመሰለው ውሃ እግሩን ታጠበና በረጠበ ካልሲው ላይ መልሶ አጠለቀው።

“ትችላለህ አይደል?” ብለን ጠየቅነው። እኛ መምህራን እንዲህ ያለ ጥያቄ እንወዳለን፤ መልሱን በውስጡ ይዞ ይወጣል።

“አዎ ጋሼ።”

ከመስጊዱ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበር። በብርድ ልብስ ፋብሪካ ከምትታወቅ ከተማ በረጠበ ጃኬት ወጣን።

ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ እየወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከፍታ በአንድ ሺሕ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ በክፍል ውስጥ በጠመኔ ጽፈናል። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ እንደሚያስተላልፍም እንዲሁ። ሰውነት በመንቀጥቀጥ ሙቀት እንደሚያመነጭ፣ ለዚያም ስኳር እንደሚያቃጥል፣ ብርዱ ሳያልፍ መንቀጥቀጡ ከቆመ ግን አደጋ መድረሱን እንደሚያመለክት ለተማሪ አስረድተናል። የወንድማችን ሄልሜት ከኋላችን ሄልሜት ጋር ቀጭ ቀጭ ሲል ለብዙ ጊዜ ሰማነው፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ ጉም ዋጠን። ከፊት ያለው አስፋልት አሥር ሜትር እንኳ አይታይም። የጭነት መኪና መብራት በድንገት ከፊታችን ብቅ ይልና ይሰወራል። ዐይናችንን ከመንገዱ ጠርዝ ሳንነቅል ስንሄድ የሄልሜቱ ድምፅ መቆሙን ያስተዋልነው ቆይተን ነው።

“ደህና ነህ?” አልን።

የመለሰው ቃል አልነበረም፤ የሰከረ ሰው ማጉረምረም ይመስል ነበር። ከዋሻው ወዲህ ባሉ ቤቶች አጠገብ አቆምን። ሊወርድ እግሩን ሲያነሣ ከነላስቲኩ ጭቃው ላይ ወደቀ። ፊቱ አመድ መስሏል። አይንቀጠቀጥም ነበር።

አንዲት እናት ከደጃፋቸው አዩንና “ኧረ ግቡ! ግቡ ልጆቼ! ይህን ልጅ ብርድ ገደለው!” ብለው ተጣሩ። ተሸክመን አስገባነው። የረጠበውን ልብሱን አወለቅንለት፤ እርሳቸው ፊታቸውን አዙረው የመንዝ ባናቸውን ወደ ኋላ አቀበሉን። እሳቱን ቆሰቆሱ። ወዲያው ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ቀድተው አመጡ።

ወንድማችን ሻዩን አየው። ቀጥሎ እኛን አየን። ጣቶቹ ኩባያ መያዝ ያቃታቸው ልጅ ለመጠጣት ፈቃድ ይጠብቅ ነበር።

ይህን ስንጽፍ ዛሬም እጃችን ይከብደናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ጾም አዳክሞት ሰዎች ተሰብስበው ጥላ የሠሩለትን ሰው ሲያዩ፣ በጉዞ እንዲህ አድርጎ መጾም ከመልካም ሥራ እንደማይቆጠር መናገራቸውን ስንት ጊዜ አስተምረናል! ሰው ግን በመንገዱ ላይ ያ ሰው ከኋላው ተቀምጦ እንደሆነ ዞሮ አያይም።

“አፍጥር። አፍጥር የኔ ወንድም” አልነው። ኩባያውን ይዘን አጠጣነው። ከዚያም እኛም ጠጣን፤ ብቻውን ያፈጠረ እንዳይመስለው።

እማማ ነገሩ ሲገባቸው ደነገጡ። “ጾመኞች ናችሁ እንዴ? እኔም እኮ ፍልሰታ ላይ ነኝ! ግን ልጄ፣ የታመመ ሰው ይጾማል ያለው ማን ነው?” አሉ። ለማግስቱ ቡሄ የጋገሩትን ዳቦ ከነትኩሳቱ ቆርሰው ሰጡን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወንድማችን መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሕይወታችን የሰው መንቀጥቀጥ አይተን አልሐምዱሊላህ ያልነው ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያ ምሽት ከዚያ አልሄድንም። እማማ ለመግሪብ ውሃ አሞቁልን፤ አንዱን ጥግ ጠርገው ቁርበት አነጠፉልን። ሲመሽ የመንደሩ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ችቦ ይዘው በጉሙ ውስጥ አለፉ። ብርሃኑ ብቻ ይታይ ነበር እንጂ ልጆቹ አይታዩም። ወንድማችን በባናው ተጠቅልሎ ወደ ደጅ ሲመለከት ቆየና፣ “ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ እግሬ አይሰማኝም ነበር” አለ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“አንተም ታጠብህ እኮ።”

በማግስቱ በእማማ ሙቅ ውሃ ውዱእ አድርገን፣ በእሳት የደረቀ ካልሲና ቦቲ አጠለቅን። የዝናብ ልብሱን እርሱ ለበሰ፤ ክርክር ነበረበት፤ አሸነፍን። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስረው በሙሶሊኒ ስም ወደ ጠሩት ዋሻ ገባን። ውስጡ ጨለማና ጠብታ ነው። ማዶ ስንወጣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ጉሙም ከላያችን እንደ ክዳን ቀረ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ፣ ፀሐይ ያቃጥለን ነበር። ከደረታችን ያወጣነው ጋዜጣ ገንፎ ሆኗል። ወንድማችን ከእጃችን ነጥቆ የግብ ውጤት ሊያነብልን ሞከረና ሳቀ።

ዙህርና ዐስርን ከሚሴ ላይ ስንሰግድ ሁለታችንም በቦቲያችን ላይ አበስን። ጥቂት ሽማግሌዎች አተኩረው አዩን። አላፈርንም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ እናታችን የሞተሯን ድምፅ ሰምተው ወጡ። ወንድማችን ስለ ቡሄ ዳቦው አወራቸው፣ ስለ ችቦው አወራቸው። ስለ ብርዱ አላነሣም። እኛም ፈሪ ነበርንና አላነሣንም። ተመልሰን የሄድነው በአውቶቡስ ነው፤ ሞተሯ እዚያው ቀረች። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ሲከለከል እኛን ብዙም አልነካንም። በዚያው ክረምት ለዐረፋ ስንሄድ ቡናና ስኳር ይዘን ጣርማ በር ላይ ወረድን። እማማ ወንድማችንን አላወቁትም ነበር። “ያ አመድ የመሰለው ልጅ? ይኼ?” ብለው ጉንጮቹን ያዙት።

እንግዲህ በመስጊዱ በራፍ ያ ወጣት ቦቲውን ሲጠይቀን በልባችን የተመላለሰው ይህ ሁሉ ነው። አመስግኖ ሄልሜቱን ሲያነሣ አስቆምነው።

“ከኋላህ ሰው ትጭናለህ?”

“አንዳንዴ ታናሽ ወንድሜን፣ ኡስታዝ። ወደ ሱሉልታ ስሄድ ዕቃ ያግዘኛል።”

“የዝናብ ልብሱን ማን ነው የሚለብሰው?”

ወጣቱ የለበሰውን ዝቅ ብሎ አየ። “እኔ ነኛ” አለ። “የምነዳው እኔ አይደለሁ?”