የጉልበታችን ነገር

በቋንቋችን ጉልበት የሚለው ቃል መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም በአንድነት ይጠራል። ቃሉን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንናገረው ብንኖርም፥ አባቶች ሁለቱን ነገር በአንድ ስም ማሰራቸው የገባን ቀኝ እግራችን ከከዳን በኋላ ነው።

ወሩ ሰኔ ነበር። በጀጎል ቅጥር ውስጥ ካለው ቤታችን ተነሥተን ወደ መሥሪያ ቤት ስንወጣ፥ ዝናብ ባጠበው ጠባብ የድንጋይ መተላለፊያ አዳለጠን፤ እግራችን በሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀርቅሮ ቀርቶ ሰውነታችን ብቻ ዞረ። ከጉልበታችን ውስጥ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማን። በማግሥቱ አብጦ ሱሪ አላስገባ አለ። ይሁን እንጂ ጊዜው የበጀት መዝጊያ ስለ ነበር፥ በፋሻ ጠቅልለን ከሒሳብ መዝገብ ጋር ስንታገል ሰነበትን። እብጠቱ ጎደለ፤ ሕመሙ ግን ቤተኛ ሆኖ ቀረ። ለሚጠይቀን ሁሉ «ብርድ ገብቶበት ነው» እያልን ሁለት ዓመት አለፈ።

የመሥሪያ ቤት ሰው ለታመመ ባልንጀራው ምክር አይነፍግም። አንዱ በትኩስ ጨው መተኮስ ይበጃል አለ፤ ሌላው አጎቱ በቢላዋ ከተከፈተ ወዲህ ከቤት እንዳልወጣ አወራልን። በመጨረሻ ከኤረር በር ማዶ ወዳሉ አንድ ወጌሻ ሄድን። ቅቤውን ይዘን መታሸትን ስንጠብቅ፥ ሽማግሌው ጉልበታችንን በሁለት መዳፋቸው ይዘው አጠፍ ዘርጋ አደረጉትና ለቀቁት። «ልጄ፥ ውልቃት ቢሆን እመልሰው ነበር። ይህ ግን ከውስጥ ነው፤ እጄ አይደርስበትም። ሐኪም ዘንድ ሂድ» አሉን። ገንዘብም አልተቀበሉም። ወጌሻ አሽቶት የባሰበትን ሰው በዓይናችን አይተናል፤ ነገር ግን የእጁን ወሰን የሚያውቅ ባለሙያ በየትኛውም ሥራ ቢሆን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ እንኳ ወዲያው አልሄድንም። የገፋፋን አንድ የሞተ ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በመኪና ግርግር በኩል አሳልፈን የራምቦን ቤት ልናሳየው ወሰድነው። የእንጨቱን ደረጃ ስንወጣ ጉልበታችን ከዳንና መደገፊያውን ይዘን ቆምን። እንግዳችንም፥ «ራምቦስ በዚሁ ከተማ የታመመው ጉልበቱን አልነበረምን?» አለን። የሐረር ነዋሪ ሆነን አለማወቃችን አሳፈረንና ታሪኩን ፈልገን አነበብን።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፍን በወጣትነቱ ትቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ወደ ሐረር መጥቶ ቡናና ቆዳ የሚነግድ ሰው ሆነ። (ዛሬ በስሙ የሚጎበኘው ያ ያማረ ቤት እርሱ የኖረበት እንዳልሆነ አዋቂዎች ይናገራሉ።) በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። በኋላ ለእኅቱ እንደ ጻፈው፥ ሕመሙ ከጉልበቱ ሎሚ ሥር በየደቂቃው በመዶሻ በቀስታ እንደሚመታ ያለ ነበር፤ እርሱ ግን ብርድ ነው ብሎ ከቀድሞው አብልጦ ይሄድና ይሠራ ነበር። ለእናቱም የደም ሥር ሕመም መስሎት የእግር ሹራብ እንድትልክለት ጻፈ። እግሩ አልታጠፍ ባለ ጊዜ ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፥ ኤፕሪል 7 ቀን በ16 ሸካሞች ትከሻ ከሐረር ወጣ። እስከ ዘይላ ወደብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመንገድም ዝናብ መታው። ሜይ 27 ቀን በማርሴይ እግሩ ተቆረጠ፤ ኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሞተ። ሕመሙ ካንሰር ነበር።

ቀድሞ ቢታከም ይድን ነበር አንልም፤ ያን የሚያሸንፍ ሕክምና በዚያ ዘመን በማርሴይም አልነበረም። ያስደነገጠን «ብርድ ነው» ማለቱ ነው። እኛም የምንለው ይህንኑ ነበርና፤ ያውም እርሱ ሐኪም ባጣባት ከተማ፥ ሆስፒታል ከደጃችን ቆሞልን።

በሳምንቱ ሄድን። ራጁ አጥንቱ ደኅና መሆኑን አሳየ፤ ኋላም አዲስ አበባ ወርደን በተነሣነው ኤም አር አይ፥ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ የተነጠፈው ልም አጥንት መቀደዱ ታወቀ። ክፉ እጢ አልነበረም። ይህን ስንሰማ፥ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምን ስንፈራ እንደ ኖርን ተገለጠልን።

ሐኪሙ ሁለት መንገድ አቀረበልን፤ ወይ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ የተቀደደውን ማስተካከል፥ ወይ ሦስት ወር የጭንን ጡንቻ በእንቅስቃሴ ማጠንከር። እንዲህ ላለው ቀዳዳ ብዙ ሰው በሁለተኛው እንደሚሻለው፥ ጉልበቱ ታጥፎ አልዘረጋም ያለ ዕለት ግን ሳንዘገይ እንድንመለስ ነገረን። ምርጫውን ለእኛ ተወው።

ማታ ይህን ስናወራ ባለቤታችን፥ «ለመሆኑ የምትፈራው ቢላዋውን ነው፥ ወይስ ሦስት ወር መታገሡን?» ብላ ጠየቀችን። ሁለቱንም ነው አልናት። በነጋታው እንቅስቃሴውን መረጥን፤ ገንዘቡን መቆጠባችን ደስ እንዳሰኘንም አንደብቅም።

አሁን ስድስተኛው ሳምንት ነው። ማታ ማታ በርጩማ ላይ ተቀምጠን፥ አሸዋ የተሞላ ከረጢት በቁርጭምጭሚታችን አሥረን እግራችንን እናነሣለን። የሚቆጥርልን የስድስት ዓመቱ ልጃችን ነው። ፊታችን ሲጨማደድ ያየ እንደ ሆነ፥ ከአሥር ዘሎ አሥራ አምስት ይላል፤ እኛም አንድ ጊዜ እንኳ አላረምነውም።