የኮምፒዩተር እሮሮ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። በገዛ እጁ ኮምፒዩተር የገጣጠመ ሰው ግን ዝምታን ይፈራል። ዕቃውን ከደመወዜ እየቀነስኩ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ባንድ ለቀምኩት። ገጥሜ ስጨርስ ቁልፉን ተጫንኩ። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ቀረ።

ወዳጆቼ «ማዘርቦርዱ ሞቷል፤ ሌላ ግዛ» አሉኝ። በግምት ሌላ ለመግዛት ኪሴ አልፈቀደም። መጨመሩን ትቼ መቀነስ ያዝኩ። ገመዱን ከሶኬቱ ነቅዬ ሃርድ ዲስኩንና ተጨማሪ ካርዶቹን አወጣሁ። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩና አንድ ራም ብቻ ቀሩ። የስክሪኑን ገመድና አንዲት ትንሽ ስፒከር ከማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁ። ኮምፒዩተር ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ይመረምራል፤ የጎደለውንም በጩኸት ይናገራል። የጩኸቱ ትርጉም በማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ተጽፏል።

አበራሁት። ዝም። አጥፍቼ ገመዱን ነቀልኩና ያንኑ አንድ ራም አወጣሁ። ያለ ራም እንደማይነሳ አውቃለሁ፤ የፈለግሁት እሮሮውን ነበር። ሳበራው ጮኸ! «ራም የለኝም» ማለቱ ነው። እንዲህ የሚያማርር ማዘርቦርድ አልሞተም፤ ፕሮሰሰሩም በሕይወት አለ። አጥፍቼ ሁለተኛውን ራም በዚያው ቦታ ሰካሁ። አንዴ «ጢጥ» አለና ስክሪኑ በራ። ሁሉን ዝም ያሰኘው አንድ የተበላሸ ራም ኖሯል። ሻጩም አይቶ ለወጠልኝ።

ከዚያ ወዲህ እሮሮን አልንቅም። የሚያጉረመርም ልጅ፣ የሚወቅስ ባልንጀራ ገና ከኛ ጋር ነው። የሚያስፈራው የጎደለውን መናገር የተወው ነው።