የልጅ ልጅ ቶኪዮ ሲወለድ

ወንድማችን ለትምህርት ጃፓን ከሄደ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ትምህርቱን ጨርሶ እዚያው ሥራ ያዘ፤ አገር ቤት መጥቶ ኒካሑን አስሮ ባለቤቱን ይዞ ተመለሰ፤ አምና ደግሞ አላህ ወንድ ልጅ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ መካነ ሰላም ባለው ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው ቶኪዮ ነው። «እማን ይዛችሁልኝ ኑ፤ ወጪው በኔ ነው» ይላል። እናታችን ከደሴ አልፋ የሄደችው አንድ ጊዜ ለሕክምና አዲስ አበባ ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የጅዳንና የሪያድን መንገድ ወሎ ውስጥ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የጃፓኑን ግን የሚነግረን ሰው በአካባቢያችን አላገኘንም፤ ስለዚህ ወንድማችንን በስልክ እያደከምን የቻልነውን ያህል አጣራን። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን የደረሱት በመርከብ ነበር፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አሳትመውታል። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ቶኪዮ ያደርሳል፤ ወደ ቶኪዮ መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የሚያርፍበት ናሪታ ከከተማው እምብርት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለኛ ግን ከባዱ ክፍል ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ያለው ነው፤ መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል።

እናታችን መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሕንፃው ወይም ስለ ባቡሩ አልነበረም። «ቂብላው በየት በኩል ነው?» አለች። እኛ እዚህ ስንሰግድ ፊታችን ወደ ሰሜን ነው፤ ቶኪዮ ግን ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ይሰገዳል። ሁለተኛው ጥያቄዋ የውኃ ነገር ነበር። ወንድማችን ሳቀና የጃፓን መጸዳጃ ቤት አብዛኛው ራሱ ውኃ እንደሚረጭ ነገራት። «እንዲያ ከሆነስ ከኛ ይሻላሉ» አለች።

በሰዓት ነገር ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አገኘን። ጃፓን ከኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ስንል እነርሱ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት ይላሉ፤ ቁጥሩ አንድ ነው። ስለዚህ በአገራችን አቆጣጠር የተሞላው የእናታችን የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ሳይነካ በትክክል ይሠራል! የሚለየው የፀሐይዋ ነገር ነው፤ በኛ 12 ሰዓት መግሪብ ሲሆን እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። የሶላት ወቅቶችም እንደኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ አይደሉም። በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው በነርሱ አቆጣጠር ከንጋቱ 4 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ በታኅሣሥ ደግሞ ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ለአሮጊት ሰው የሰኔ ፈጅር ከባድ ነው፤ ክረምቱን ትተን የመኸር ሥራ ሲያልቅ መሄድን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ብርዱ ያን ያህል አያሳስበንም፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላደገ ሰው ጋቢ አለለት።

ምግቡ ግን ብዙ አነጋገረን። ሩዝና ዓሣ ሐላል ነው ብለን ቀላል መስሎን ነበር። ነገሩ ያለው ከማጣፈጫው ላይ ነው። ሚሪን የሚሉት ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ አልኮል ያለበት ሲሆን በየወጡ ይገባል፤ ራመን የሚባለው የፓስታ ሾርባም ብዙ ጊዜ ከአሳማ አጥንት ይቀቀላል። «ቡታ» ማለት አሳማ፣ «ሳኬ» ማለት አልኮል መጠጥ መሆኑን እናታችን ሳይቀር በቃሏ ይዛለች። ሐላል ሥጋ የሚሸጥባቸው ሱቆች ሺን ኦኩቦ በሚባለው ሰፈር አሉ። ዓሣውን በተመለከተ ደግሞ እናታችን ከነጭራሹ አትቀምሰውም፤ ስለዚህ ሽሮና በርበሬ ይጫናል። ቋንጣ ግን አይሆንም፤ ጃፓን የእንስሳት ሐኪም ማረጋገጫ የሌለው ሥጋ፣ የደረቀም ቢሆን፣ አታስገባም።

ለጁምዓ ያሰብነው ዮዮጊ ኡኤሃራ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለውን የቶኪዮ ጃሚዕ ነው። መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1938 ከሩሲያ ተሰደው በመጡ የታታር ሙስሊሞች ነበር፤ አርጅቶ በ1986 ፈረሰ፤ አሁን ያለው በቱርክ እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ተከፈተ። ስደተኞች ለልጆቻቸው መስጂድ ትተው ማለፋቸው እናታችንን ደስ አሰኛት፤ የልጅ ልጇ ቁርኣን የሚቀራበት ቦታ መኖሩን ያረጋገጠችው ከዚህ ነውና። ታናሻችን ደግሞ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ያሸነፈበትን ስታዲየም ካላየሁ ይላል። አሮጌው ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠርቷል ብንለው አልሰማንም።

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ ነው ዋናው ጥያቄ የመጣው። አባታችን ሐጅ እንደተመኘ ሳይደርስለት ወደ አኺራ ሄዷል። እናታችን በግ እየሸጠች ለሐጅ የምታስቀምጣት ገንዘብ አለች፤ ገና አልሞላችም። ለቶኪዮ ደግሞ መሕረም ስለሚያስፈልጋት ትኬቱ የሁለት ሰው ነው። ያ ገንዘብ ቢጨመርላት ሐጇ ይሞላል። የመስጂዳችንን ሼህ ጠየቅናቸው። ትኬቱ የልጇ ስጦታ ነው፤ ባይሰጣት ግዴታ የለበትም፤ ገንዘቡን በእጇ ከሰጣትና ከበቃት ግን ሐጅ ይቀድማል አሉን። ይህንኑ ለወንድማችን ነገርነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «እማ ትምረጥ» አለ።

እናታችን ሦስት ቀን አላናገረችንም። በአራተኛው ቀን ስልኩን ራሷ ተቀብላ «በእጄ ስጠኝ» አለችው። ልጁን ሲድህ የማየት ነገር አለፈ ማለት ነው፤ ኢንሻ አላህ ሲሮጥ ታየዋለች። ወንድማችን ትንሽ ቅር ብሎታል፤ እኛም አልካድነውም፣ ከፍቶናል።

ፓስፖርቱ ለሁለቱም ጉዞ ስለሚያገለግል ሥራው አልቆመም። ለጃፓን ቪዛ ከወንድማችን የመጋበዣና የዋስትና ደብዳቤ በተጨማሪ እንግዳው በየቀኑ የት እንደሚውል የሚገልጽ ሠንጠረዥ ይፈለጋል። ባለፈው ጁምዓ ማታ ረቂቁን ተቀምጠን ጻፍን። መስጂዱን፣ ስታዲየሙን፣ ኢትዮጵያውያን የሚበዙበትን የካትሱሺካን ሰፈር በየቀኑ ደልድለን ስናነብላት እናታችን ጁምዓዎቹን ብቻ እንድንተው ነገረችንና «በሌላው ቀን ሁሉ ልጁ ቤት ብላችሁ ጻፉ» አለችን።